የልብ ሕመም ይዘው ለሚወለዱ ሕጻናት ሰበብ እናድርስላቸው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ልባቸው ላይ ጉድለት ይዘው ስለሚወለዱ ሕጻናት ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ብዙ ወላጆች ሕጻን ታቅፈው፣ ሩቅያ ይቀራላቸው ዘንድ ወደ መስጊድ ይመጣሉ። ሕጻኑ ጡት ሲጠባ ያልበዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የሳንባ ምች ይመላለስበታል፤ አይወፍርም። ጎረቤት ቡዳ በልቶታል ይላል። ሌላው የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይላል። ዐይን መኖሩን አንክድም፤ ሩቅያም ሱንና ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሕጻናት የከፊሎቹ ሕመም ስሙ የታወቀ፣ ሕክምናም ያለው ነው። ቤት ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ግን አይመለስም።

ልብ አራት ክፍሎች አሏት። ቀኟ ደምን ወደ ሳንባ ትልካለች፤ ግራዋ ከሳንባ የመጣውን ንጹሕ ደም ለመላ አካል ታሰራጫለች። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ቀዳዳ ይዞ ሲፈጠር ደሙ አቅጣጫውን ይስታል፤ ሳንባንም ያጨናንቃል። ሕጻኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ደም ሳንባን አልፎ የሚሄድባት ትንሽ ቱቦም አለች። ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት ሲገባት ክፍት የምትቀርበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ሕጻን ደግሞ አራት ጉድለቶችን በአንድ ላይ ይዞ ይወለዳል። ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ትንሽ ሮጦ ቁጢጥ ይላል።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 100 ሕጻናት አንዱ ገደማ የልብ ጉድለት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። በእርግዝና ወቅት የሚይዝ የኩፍኝ ዓይነት (ሩቤላ)፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታና የዘር ውርስ ግን ከታወቁት መካከል ናቸው። በፔሩና በቲቤት ከፍተኛ ተራሮች የሚወለዱ ሕጻናት ያቺ ቱቦ ሳትዘጋ የመቅረት ዕድሏ ከቆላው እንደሚበልጥ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ አየሩ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ነው። በጮቄ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። እናትን መውቀስ ግን በደል ነው።

ውድ አድማጮች፣ የልብን አሠራር ለመረዳት ሙስሊም ሊቃውንት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የግሪኩ ሐኪም ጋሌን ደም በልብ ግድግዳ ላይ ባሉ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ ነበር። ይህን ለብዙ ዘመን የተከራከረው ሰው አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1288 የሞተው የደማስቆው ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ግን ግድግዳው ድፍን መሆኑን፣ ደሙም በሳንባ በኩል እንደሚዞር ጻፈ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም በቦስተን ያቺን ክፍት የቀረች ቱቦ በቀዶ ጥገና ቋጠረ። በ1944 በባልቲሞር ለሰማያዊ ሕጻናት የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ተደረገ። በ1953 ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ መሣሪያ ታግዞ የልብ ቀዳዳ ዘጋ። ዛሬ አንዳንዱ ቀዳዳ ደረት ሳይከፈት፣ በጭን ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል። ትንንሽ ቀዳዳዎችም በራሳቸው የሚዘጉ አሉ። የትኛው እንደሚዘጋ የሚለየው ግን ሐኪሙ በልብ አልትራሳውንድ አይቶ ነው።

በአገራችን ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕጻናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ያኔ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሕጻን ውጭ አገር መላክ ነበረበት፤ ዕድሉን የሚያገኙትም ጥቂቶች ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። መጀመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሥራውን ተረከቡ። ይህ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው።

ችግሩ ግን አላበቃም። ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ለቀዶ ጥገናው የሚያስፈልጉ አላቂ ዕቃዎች ከውጭ በዶላር ይገዛሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ማደሪያና ስንቅ ፈልጎ መድረስ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። ከሁሉም የከፋው መዘግየቱ ነው። ትልቅ ቀዳዳ ለዓመታት ሲቆይ የሳንባ ደም ሥሮች ይጎዳሉ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ቢኖር፣ ገንዘቡም ቢገኝ ቀዳዳውን መዝጋት አይቻልም።

ከእነዚህ ጋር ወረፋውን የሚያጣብቡ ሌሎች ሕሙማንም አሉ። ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው፣ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው የተበላሸባቸው ናቸው። ይህን በፔኒሲሊን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን አይከላከለውም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ያተርፋል። የጉሮሮ ሕመም በጊዜው የታከመለት ልጅ ለራሱም ይድናል፤ ልቡ ጎዶሎ ሆኖ ለተወለደው ወንድሙም ተራ ይለቃል።

አንዳንድ ወላጆች «አላህ የቀደረው ነው፤ ደረቱን ማስቀደድ ለምን?» ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ሳያደርግለት ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ የጠየቃቸውን ሰው፣ አስሮ እንዲመካ ነግረውታል። ተወኩል ማለት ሰበብ አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መስጠት ነው። ሕመሙ ቀደር ከሆነ ሕክምናውም ቀደር ነው። ሴት ልጅ ስትሆን «ነገ ማን ያገባታል?» ተብሎ ሕመሟ የሚደበቅበትም ቤት አለ። እርሷም አማና ናት፤ በቂያማ ቀን እንጠየቅባታለን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የጠቀስናቸውን ምልክቶች ያያችሁበትን ሕጻን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዱት። የሪፈር ወረቀት ከተሰጣችሁ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት። ሩቅያውንም ዱዓውንም ከሕክምናው ጋር ቀጥሉ።

ባለሀብቶች ሆይ፣ ዘካ ከሚገባቸው 8 ክፍሎች ቀዳሚዎቹ ድሆችና ምስኪኖች ናቸው። ልጁን ለማሳከም አቅም ያጣ አባት ከእነዚህ ይመደባል። በየመስጊዱ ያለው ጀማዓ የአንድን ሕጻን የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ቢሸፍን አይከብደውም። ሰደቃችን ደግሞ ከክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ አይከለከልም፤ ታማሚ ሕጻን ሁሉ የአላህ ፍጥረት ነው። አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ የሰው ልጆችን ሁሉ ሕያው እንዳደረገ ተቆጥሮለታልና።

አላህ ሕጻናቶቻችንን ይማርልን፤ ለሚያክሙዋቸው እጆችም በረካ ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።