ከካላማዳሪያው በፊት እሾሁን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የማነሣው በቤታችን ደጃፍ በእጃችን ልናከናውነው ስለምንችለው የሞተር ብስክሌት ጥገና፣ ይልቁንም ስለ ጎማ ለውጥ ነው።

ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ ቀብሪ በያህ የሚጓዝ ሰው ከዋናው መንገድ ፈቀቅ እንዳለ አቧራውና የግራሩ እሾህ ይቀበሉታል። በዚህ አገር ሞተር ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ የክትባት ባለሙያው የበረዶ ሣጥኑን አዝሎ ወደ አርብቶ አደሩ ሰፈር የሚደርሰው በእርሱ ነው። በረዶው ደግሞ ጎማ እስኪለጠፍ አይጠብቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። በበረንዳዬ ላይ ፈትቼ አዲስ ካላማዳሪያ አስገባሁ። በማግሥቱ ተነፈሰ። ሌላ ለወጥሁ፤ እርሱም ሦስት ቀን አልቆየም። ጥፋቱን ሁሉ በዕቃው ጥራት አሳበብሁ። በመጨረሻ ከአንድ ወጣት ጎሚስታ ዘንድ ወሰድሁት። ወጣቱ ጣቱን በጎማው ውስጥ በዝግታ ካዞረ በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ እርስዎ የለወጡት ካላማዳሪያውን ነው፤ እሾሁ እዚሁ አለ» አለኝ። በጉጠት የሳበው ስባሪ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎማውን ከማውጣቴ በፊት በቫልቩ ትይዩ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ካላማዳሪያውን ነፍቼ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ቀዳዳው ራሱ ይናገራልና። አንድ ቀዳዳ በውጭው ወገን ከሆነ እሾህ ወይም ምስማር ነው፤ ስፍራውን ከጠመኔው ምልክት ለክቶ በጎማው ላይ ማግኘት ይቻላል። ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ከታዩ ነፋሱ አንሶ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ቆንጥጦታል፤ ወይም የጎማ ማውጫው ብረት ነክሶታል። ቀዳዳው በውስጡ ወገን ከሆነ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ወጥቷል። በቫልቩ ሥር ከተቀደደ ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቷል ማለት ነው።

መልሶ ለመግጠምም ጉልበት አያሻም። በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው ሽቦ አይለጠጥም፤ ስለዚህ አንዱን ወገን ስናስገባ ተቃራኒውን ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ መርገጥ ይገባል። ጠርዙን በሳሙና ውሃ ማራስ፣ ካላማዳሪያውን ጥቂት መንፋት፣ ሥራውንም በቫልቩ ዘንድ መፈጸም ከመቆንጠጥ ያድናል። የነፋሱ መጠን የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ በማለዳ ነው። በአቧራማው ወራት ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት፣ የካቴናውን ልልነትና የሞተሩን ዘይት መመልከትም እንዲሁ የማለዳ ሥራ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን ያነሣሁት ጎሚስታ እንድንሆን አይደለም። የተቃጠለውን የውሃ ፓምፕ ሞተር በአዲስ እንተካለን፤ ለምን እንደተቃጠለ ግን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ እንመለሳለን። አዲሱም በተራው ሲቃጠል ውሃ የሚጠማው ሕዝቡ ነው። የተበላሸውን መለወጥ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ጣትን አስገብቶ እሾሁን መፈለግ ነው።