ዚፕ ጨርቅ ነው ወይስ ብረት? መልሱ የአምቦን ልብስ ሰፊ ኪስ ይነካል!

(በአምቦ ከልብስ ሰፊዎችና ከአነስተኛ ነጋዴዎች ጋር በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዚፕ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ቀበቶና ስለ ሻርፕ ነው። አትሳቁ! «ይህ ሰውዬ ከአዲስ አበባ ድረስ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር የመጣው ስለ ዚፕ ሊያወራ ነው?» የሚል ፊት አያለሁ። አዎን፣ ለዚሁ ነው የመጣሁት። አንድ ደርዘን ዚፕ ስንት እንደገባ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለምን እንደዚያ እንደገባ ግን የነገራችሁ የለም። አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጊንጪም ሆነ ጌዶ፣ ባለሱቁን ስትጠይቁት «መርካቶ ጨምሯል» ይላችኋል። መርካቶን ስትጠይቁ «ጉምሩክ ነው» ይባላል። ጉምሩክን ማን ይጠይቅ?

እኔ በትራንዚተርነት ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ቅርንጫፍም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ ነገሩ እንጂ ስሙ አይጠቅመንም።

አንድ ነጋዴ የሴቶች ቀበቶ አስመጣ። ፊቱ ቆዳ ይመስላል፤ ሲነካ ፕላስቲክ ነው። ጀርባው ጨርቅ ነው። ከፊት ትልቅ የብረት ዘለበት አለው፣ ዘለበቱ ላይ ደግሞ ጨሌ ተለጥፎበታል። የመጀመሪያው ዙር ሲገባ መዳቢው «ፕላስቲክ ነው» አለና ተከፍሎ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ነጋዴ ያንኑ ቀበቶ ከዚያው ፋብሪካ አስመጣ። ሁለተኛው መዳቢ «የጨርቅ ልብስ ማሟያ ነው» ብሎ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ጠየቀ። ነጋዴው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዕቃው ተለወጠ እንዴ?» አለኝ።

«ዕቃውስ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው» አልኩት።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ቀረጥ በዕቃው እንጂ በሰውየው መወሰን የለበትም!

ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው

በዓለም ላይ የሚነገድ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህን የቁጥር መጽሐፍ የሚያዘጋጀው መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። ሥራ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1988 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አሃዝ ይጨምራል፣ የራሱንም ቀረጥ ይጥልበታል። በእኛ አገር የቀረጡ ልክ ለረጅም ዓመታት ከ0 እስከ 35 በመቶ ሲሆን ቆይቷል። ስለዚህ ዕቃህ የትኛው ቁጥር ሥር ወደቀ ማለት ስንት ትከፍላለህ ማለት ነው።

እስቲ የርዕሱን ጥያቄ እንመልስ። ዚፕ ጨርቅ ነው ወይስ ብረት? ሁለቱም አይደለም! ዚፕ የራሱ ቁጥር አለው፣ 96.07። ጨርቆች ከተዘረዘሩባቸው ምዕራፎች ውጭ፣ «ልዩ ልዩ ዕቃዎች» ከሚባሉት ጋር ነው የተቀመጠው። ጥርሱ ብረት የሆነና ጥርሱ ሌላ የሆነ ተብሎ እንደገና ይከፈላል። ቁልፍ ደግሞ 96.06 ነው። ዘለበት ለብቻው ከመጣ 83.08፤ ቀበቶ ላይ ተሰፍቶ ከመጣ ግን የሚታየው ቀበቶው ነው። የእጅ ቦርሳ 42.02 ሲሆን በዋናነት የሚታየው የውጭ ገጹ ነው፤ ገበሩ ሐር ቢሆን ማንም አይጠይቅህም።

ድብልቅ ሲሆንስ?

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለድብልቅ ዕቃ ደንቡ ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል። መጀመሪያ፣ ዕቃውን ለይቶ በስሙ የሚጠራ ቁጥር ካለ በጥቅሉ የሚጠራውን ያሸንፋል፤ ዚፕ የዳነው በዚህ ነው። ይህ ካልለየ፣ ዕቃውን ዕቃ ያሰኘው የትኛው ክፍል ነው ተብሎ ይጠየቃል። ክብደቱ፣ ብዛቱ፣ ዋጋው፣ የሚሰጠው አገልግሎት ይመዘናል። ይህም ካልለየ፣ እኩል ከሚገቡት ቁጥሮች መካከል በተራ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ይወሰዳል። ከክር ድብልቅ የተሠራ ሻርፕ ሲሆን ደግሞ በክብደት የሚበልጠው ክር ይወስናል። ጥጡ 60፣ ፖሊስተሩ 40 ከሆነ እንደ ጥጥ ይታያል ማለት ነው።

ደንቡ መጥፎ ነው? አይደለም! እንዲያውም ብልህ ነው። ችግሩ «ዕቃውን ዕቃ ያሰኘው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁለት ሰው ሁለት መልስ መስጠቱ ነው። አንዱ ፕላስቲኩን ያያል፣ ሌላው ጨርቁን። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው? መዳቢው ምክንያቱን በጽሑፍ ካላስቀመጠ፣ የነገው መዳቢ የዛሬውን በምን ያውቃል? በሁለቱ መልስ መካከል ያለው ክፍተትስ ምን ይባላል? ገበያ ነው! የጉቦ ገበያ!

እውነቱን እንነጋገር ካልን ደግሞ ጥፋቱ የጉምሩክ ብቻ አይደለም። ሐሩን «ፖሊስተር»፣ የተሠራውን «ጥሬ ዕቃ» እያለ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ሞልቷል። እሱም የሚያመልጠው በዚያው ክፍተት ነው። በደንቡ የሚሄደው ነጋዴ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይፈጫል።

ሂሳቡን እንሥራ

ለምሳሌ ያህል፣ ጉምሩክ 100,000 ብር ብሎ የገመተው ዕቃ አለ እንበል። አንዱ ቁጥር 10 በመቶ፣ ሌላው 35 በመቶ ቀረጥ ያስከፍላል እንበል። ልዩነቱ 25,000 ብር ይመስላል። አይደለም! በቀረጡ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል። በዚያ ሁሉ ላይ በ1999 ዓ.ም በወጣው ደንብ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጨመራል። ሌላውን ትተን እነዚህን ሦስቱን ብቻ ብንደምር፣ በ10 በመቶው 39,150 ብር፣ በ35 በመቶው 70,775 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 31,625 ብር! ሁሉም በአንዲት ቁጥር ምክንያት።

ይህንን ማን ይከፍለዋል? አስመጪው ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ መርካቶ ትርፉን ደርቦ ይሸጠዋል፣ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ አምቦ ይደርሳል። እዚህ ለእሬቻ የባህል ልብስ የምትሰፋው አዴ፣ ለቫት ያልተመዘገበች ስለሆነች ተመላሽ የምትጠይቅበት መንገድ የላትም። ሁሉም እሷ ላይ ያርፋል።

ሐዋሳና አምቦ

በአዋጅ ቁጥር 768/2004 መሠረት ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ ዚፑንና ቁልፉን ከቀረጥ ነፃ ያስገባል፣ ወይም የከፈለውን ያስመልሳል። በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። አገር ዶላር ትፈልጋለችና አልቃወምም። ግን እዚያ ያለቀረጥ የገባው ዚፕ፣ እዚህ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ሲሰፋ ሙሉ ቀረጥ የተሸከመ ነው። ለፋብሪካው ሕግ ተጽፎለታል። ለባለ አንድ መኪናው ሰፊ ቢያንስ የማይዋዥቅ ቁጥር አይገባውም?

ነጋድራሱ ቢሰማ

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በጥር 1900 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል፣ ከመጠጥ በስተቀር በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ አሥር ሆኖ ተወስኖ ነበር። ያኔ የሚያከራክረው የዕቃው ዋጋ ነበር፣ ዛሬ የሚያከራክረው ስሙም ጭምር ነው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ የነበረው ገብረሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፉ የጉምሩክን ሥርዓት ነገር አንሥቶ ሞግቷል። መቶ ዓመት አለፈ። እኛ ዛሬም «ማን ነው ዛሬ ተረኛው?» እያልን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከመንግሥት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የምደባ ውሳኔ ሁሉ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ውሳኔዎቹ የነጋዴው ምስጢር ተጠብቆ ይታተሙ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ የአምቦ ነጋዴም እንዲያነባቸው። ሦስተኛ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት «ይህ የትኛው ቁጥር ነው?» ብሎ በጽሑፍ ጠይቆ የሚያጸና መልስ ማግኘት የትልልቅ አስመጪዎች ብቻ ዕድል አይሁን። የጉምሩክ አዋጁ ቁጥር 859/2006 በሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል፣ በ2011 ዓ.ምም ተሻሽሏል። የጎደለን ወረቀቱን የሚከተል አሠራር ነው።

ከእናንተ ደግሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ተባብራችሁ ዕቃ የምታስመጡ ከሆነ «ቀበቶ» ብላችሁ አትጻፉ። ፊቱ ምን፣ ጀርባው ምን፣ የክሩ ድርሻ ከመቶ ስንት፣ ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ከፋብሪካው በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ናሙናም አስቀሩ። ሁለተኛ፣ ፍርዱ ካልጣማችሁ በአፍ አትጨቃጨቁ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅሬታችሁን መጀመሪያ እዚያው ጉምሩክ አቅርቡ፣ ካልሆነ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሂዱ።

የዚያ ቀበቶ ነጋዴ ይህን አላደረገም። «ሥራ ይበላሽብኛል» ብሎ ልዩነቱንም ቅጣቱንም ከፈለና ዝም አለ። ቀበቶዎቹ ተሸጡ። ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዷን የታጠቀች እህት ትኖር ይሆናል። እህቴ፣ ቅጣቱን የከፈልሽው አንቺ ነሽ!