ልጆቻችን መሪ ከመጨበጣቸው በፊት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከጢስ ዓባይ በመጡ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔ በግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። ስለ መኪና እናገራለሁ ብላችሁ አትጠብቁ ይሆናል። ነገር ግን በጢስ ዓባይ ዙሪያ ቤት ለቤት ስዞር መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የከባድ መኪና ማሠልጠኛ ልግባ ወይ?» እያሉ ነው። ታናሽ ወንድሜም ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ አባታችን ለክፍያው በሬ ሊሸጡ አስበዋል። በሬ የሚሸጥበት ጉዳይ ደግሞ የግብርና ጉዳይ ነው።

አንደኛው ነገር ፈቃዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በምድብ ከፍሎታል፤ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት የየራሳቸው ምድብ አላቸው። ስለዚህ የሚጠየቀውን ዕድሜና የትምህርት ደረጃ አስቀድሞ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ማሠልጠኛውም በዚያ ምድብ ለማሠልጠን ፈቃድ እንዳለው፣ መለማመጃ ተሳቢ እንዳለውና ሠልጣኙ ስንት ሰዓት መሪ እንደሚይዝ ማረጋገጥ ነው። በሬው የሚሸጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የተሳቢው ዓይነት ነው። ከፊል ተሳቢ ፊቱን በጎታቹ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። መታጠፊያው አንድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የተሳቢው ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል። ሙሉ ተሳቢ ግን ራሱ ጭነት በያዘ መኪና በዘንግ ይጎተታል። መታጠፊያው ሁለት ስለሆነ ወደ ኋላ መንዳቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙ ልምምድም ይጠይቃል።

ታዲያ ለእኛ የትኛው ይሻላል? አንድ ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። 300 ኩንታል ማዳበሪያ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 600 ከረጢት የጫነ ከፊል ተሳቢ ወደ አንድ ቀበሌ መጋዘን ሲመጣ መዞሪያ አጥቶ ጭቃ ያዘው። ከረጢቱ በሰውና በአህያ ጀርባ እስኪገባ ዝናብ መታው። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ የተቀደደው ከረጢት ቀልጦ ቀረ። ዕዳው ግን አልቀለጠም።

ሙሉ ተሳቢ ቢሆን ኖሮ ተሳቢው ዋናው መንገድ ላይ ተፈትቶ ቀርቶ መኪናው ብቻውን ሊገባ ይችል ነበር። ከፊል ተሳቢ ከወደብ እስከ ዩኒየን መጋዘን ላለው ረጅም አስፋልት መልካም ነው፤ ተሳቢው በእግሩ ቆሞ ሲራገፍ ጎታቹ ሌላ ሥራ ይሠራል። ለቀበሌ መንገድ ግን ተሳቢ የሌለው መለስተኛ የጭነት መኪና ይበልጣል። ስለዚህ ከመግዛትም ከመከራየትም በፊት መንገዱን እንለካ።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ወደ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሾፌር ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ሲረገጥ ከዋለ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም። ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ኃይል መውረድ እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት ሞት ነው። ይህን በፈተና ወረቀት ብቻ ያለፈ ልጅ አያውቀውም። ፈቃድ ካገኘም በኋላ ልምድ ካለው ሾፌር ጋር በረዳትነት ይሥራ፤ ረዳትነት ውርደት አይደለም።

ሐሳቤን ላጠቃልል። ዩኒየኑ ለአባላት ልጆች ከሥራ ውል ጋር የተያያዘ የሥልጠና ብድር ቢያመቻች፣ የቀበሌ አመራሮችም በየመጋዘኑ በር መኪና የሚዞርበት ሜዳ ከክረምት በፊት ቢያስጠርጉ፣ የአባቴ በሬ ሳይሸጥ ወንድሜ መሪ ይጨብጣል፤ ማዳበሪያውም ደርቆ ይገባል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።