ናሙናና ማስመሰል



እንግሊዝኛ «ሲሙሌሽን» እና «ፕሪቴንስ» እያለ የሚለያቸውን አማርኛችን በአንድ ቃል «ማስመሰል» ይላቸዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ መሐንዲስ ድልድይን በስሌት ሲያስመስል ግምቱን አስቀድሞ ይገልጣል፤ አስመሳይ ይሸሽጋል።

ከዲላ ወጣ ብሎ፣ በአንድ የጌዴኦ ተዳፋት ላይ በሚሠራ የድጋፍ ግንብ፣ ለ28 ቀን ምርመራ የሚላከው የኮንክሪት ናሙና ሲሚንቶ በዝቶበት ለብቻው ሲቦካ አየሁ። ከግንቡ ግርጌ የሰው ቤትና የቡና ማሳ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ አንድ ቀን ዝም አልሁ፤ ያ ዝምታ ራሱ ማስመሰል ነበር። በማግሥቱ ናሙናው ከግንቡ ከራሱ ተቆርጦ እንዲወሰድ ጠየቅሁ።

ሽንገላ፣ ለበጣ፣ አድርባይነት፣ ግብዝነት፤ ቃል አላነሰንም። ከመፈረማችን በፊት ነገሩን በስሙ እንጥራው።