ጋዜጣና የመንግሥት ገንዘብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መንግሥት ጋዜጣን በገንዘብ ይርዳ ወይስ አይርዳ የተባለ እንደ ሆነ፥ ብዙዎቻችን ያጎረሰ እጅ አይነከስም ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። የጋዜጠኛ ሥራ ግን ሲያስፈልግ ያጎረሰውን እጅ መንከስ ነው። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጋዜጣ ሆኖ በሚታተምባት አገራችን ጥያቄው ሩቅ አይደለም።

የሌሎችን አገሮች ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር እንመልከት። እንግሊዝ በ1712 በጋዜጣ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለች፤ ዋጋውም ከድኻው አቅም በላይ ሆነ። ቀረጡ የተነሣው በ1855 ነው። አሜሪካ ግን በ1792 ባወጣችው የፖስታ ሕግ ጋዜጣ በርካሽ እንዲላክ ፈቀደች፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም እኩል ተጠቀመ።

ስዊድን በ1971 በየከተማው ሁለተኛ ሆነው የሚንገዳገዱትን ጋዜጦች መደጎም ጀመረች፤ ለዚሁም በማስታወቂያ ላይ ግብር ጣለች። ግብሩ በ2022 ቀርቷል። ገንዘቡ የሚከፈለው ጋዜጣው በያዘው አሳብ ሳይሆን ሕግ በወሰነው መለኪያ ነበር። ይሁን እንጂ ድጎማ አንባቢ አይወልድም፤ የማልሞው «አርቤተት» እየተደጎመ በ2000 ተዘጋ።

ስለዚህ ድጎማውን በጅምላ አንነቅፍም፥ በጅምላም አናመሰግንም። መለኪያችን አንድ ነው፤ ትናንት ሚኒስትሩን የነቀፈ ጋዜጣ ዛሬ ድርሻውን ሳይቀነስበት ይቀበላልን? ይህን የሚያረጋግጥ ሕግ ካለ እንደግፋለን፤ ከሌለ ግን ለጋዜጣ ድህነቱ ይሻለዋል እንላለን።