ሚኒሞ ከፍ ሲል፦ ከካቻቢቴ በፊት ጆሮ
(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትባላለች፤ አሜሪካኖቹ «ሚያታ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ የታየች ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ናት። የመጀመሪያዎቹ ባለ1.6 ሊትር ሞተር ነበሩ። ዛሬ እነዚህ መኪኖች አርጅተዋል፤ አንድ የታወቀ በሽታም አላቸው፦ ሚኒሞ ከፍ ይላል። የሞቀ ሞተር በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ መርጋት ሲገባው 1,500 ላይ ይጮኻል።

ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ ያነሳል፤ ቪቴ ያዞራል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል። መኪናዋ ዳነች ማለት ነው? አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

እስቲ አብረን እንየው። ነዳጅ መስጫውን ሳንረግጥ ዙሩ ከጨመረ፣ ብዙውን ጊዜ የሆነ ቦታ ትርፍ አየር እየገባ ነው። እንግዲህ አየሩ በየት ገባ?

አንደኛ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሮ ይሆናል። ትንሽ ልል ማለት አለበት።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ውሃ ከሚኒሞ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በዚህች መኪና ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ትንሽ በር አለ። በውስጡ ያለው ሰም በሞተሩ ውሃ ሙቀት ሲያብጥ በሩ ይዘጋል። ውሃው ከጎደለ ሰሙ በደንብ አይሞቅም፤ በሩም ክፍት ይቀራል። ይህን በቪቴ የሸፈነ ሰው ነገ ሞተሩን ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ ቱቦዎቹ። ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ሜትር ያህል ቀጭን ቱቦ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን በየመገጣጠሚያው አዙሩት፤ አየር የሚስብበት ቦታ ሲያፏጭ ይሰማችኋል። ከቺንጋና ከፋን ግን ራቁ፤ በጋለ ሞተር ላይም ተቀጣጣይ ነገር አትርጩ። ወደ ፍሬን አጋዡ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በተለይ አትለፉት። እሱ ከተሰነጠቀ የፍሬኑ እገዛ ይቀንሳል። ቪቴ አጥብቆ ጩኸቱን ዝም ያሰኘ ሰው፣ ፍሬኗ የደከመ መኪና ለባለቤቷ መለሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሞቃል፤ መብራትና ማራገቢያ ይጠፋል፤ ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ «ቴን» እና «ግራውንድ» የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ። ከዚያ በላስቲክ ክዳን የተሸፈነችው የአየር ቪቴ እየተዞረች ዙሩ 850 ላይ ይደረጋል፤ 50 ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ችግር የለውም። በመጨረሻም ሽቦው ይነሳል። የአየር መዝጊያውን ማቆሚያ ቪቴ ግን አትንኩ፤ ፋብሪካው ለክቶ ያስቀመጠው ነው።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በወርክሾፕ ፈተና ላይ ተማሪው ሞተሩን ዝም ስላሰኘ ብቻ ሙሉ ነጥብ አትስጡት። «አየሩ በየት እንደገባ አሳየኝ» በሉት። ያን ማሳየት የቻለ ልጅ ማዝዳም ቢያመጡለት ጄኔሬተር አይቸገርም።