ለትንሽ ፓርቲ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት

(በጋን ሽሙኤል ለቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



ከሐዴራም ከአካባቢውም የቤት ሥራችሁን ትታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጋን ሽሙኤል ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ምርጫ ነው። እገሌን ምረጡ ለማለት ግን አልመጣሁም። የመጣሁት በየቤታችን የሚነሣውን አንድ ጥያቄ አብረን እንድንመረምረው ነው።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ትልልቆቹ ፓርቲዎች እኛን አይመስሉንም። አንዱ ሃይማኖታችንንና ወጋችንን እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥረዋል። ሌላው የሚያስታውሰን ለምርጫ ሰሞን ብቻ ነው። ታዲያ ወግ አጥባቂ የሆነ፣ ቤተሰብንና ሰንበትን የሚያከብር አንድ ትንሽ ፓርቲ ቢገኝ፣ ድምፃችንን ለእርሱ ብንሰጥ ምን አለበት?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን የመጣነው ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ ከማይታወቅበት አገር ነው። በደርግ ዘመን የሚመረጠው ኢሠፓ የፈቀደው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ መምረጥ ስንችል ልባችን የሚፈቅደውን መፈለጋችን አያስወቅሰንም። ነገር ግን ድምፅ እንደ ዘር ነው፤ የሚያፈራው የወደቀበት መሬት ሲቀበለው ነው። መሬቱ ደግሞ የቆጠራው ሕግ ነው። በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችን በአሜሪካ ዘመዶች አሉን፤ እነርሱም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እዚያ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ፓርቲዎች አሉ። በሁለቱም ያልረኩ ወግ አጥባቂዎች በ1992 «የግብር ከፋዮች ፓርቲ» የሚባል አቋቋሙ፤ በ1999 ስሙን «የሕገ መንግሥት ፓርቲ» ብለው ለወጡት። ይህ ፓርቲ እስከ ዛሬ አንድም የኮንግረስ መቀመጫ አላሸነፈም። ምክንያቱ የደጋፊ ማነስ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በአንድ የምርጫ ክልል የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። በዚያው በ1992 ሮስ ፔሮ የሚባሉ ባለጸጋ ከሁለቱም ፓርቲዎች ውጪ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከመላው ሕዝብ ድምፅ ወደ 19 በመቶ አገኙ። ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት የክፍላተ አገር መራጮች ግን አንድም አላገኙም።

በ2000 ደግሞ በፍሎሪዳ ጆርጅ ቡሽ ያሸነፉት በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያው ክፍለ አገር የግራው ተወዳዳሪ ራልፍ ኔደር ከ97,000 በላይ ድምፅ ወስደዋል። ከእነዚያ መራጮች ብዙዎቹ ከቡሽ ይልቅ አል ጎርን ይሻሉ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ስለዚህ በዚያ ሕግ ሥር ለሦስተኛ ወገን የሚሰጥ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የራቀንን ሰው ይሾማል።

ነገር ግን በዚያው በአሜሪካ ሕጉ የሚለይበት ቦታ አለ። በኒው ዮርክ አንድ ተወዳዳሪ በሁለትና በሦስት ፓርቲዎች ስም ሊቀርብ ይችላል፤ በየስሙ ያገኘው ድምፅ አንድ ላይ ይደመርለታል። በ1962 የተመሠረተው የኒው ዮርክ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በ1970 ጄምስ በክሊ የሚባሉትን ሰው ለሴኔት አብቅቷል። በ1994 ጆርጅ ፓታኪ አገረ ገዥ ሲሆኑ፣ በዚህ ትንሽ ፓርቲ ስም ያገኙት ድምፅ ከተቀናቃኛቸው ከበለጡበት ድምፅ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ትልቁ ፓርቲ ትንሹን ማክበር ግድ ሆነበት። ሰዉም ሐሳቡም ያው ወግ አጥባቂነት ነው፤ ሕጉ ቢለይ ግን የድምፁ ዋጋ ተለየ።

በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ይህን ያውቁታል። በ2021 በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ፣ የዴሞክራቶች መንግሥት በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖች ቅሬታቸውን ይዘው ወደ ሦስተኛ ፓርቲ አልሄዱም። ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ዘመቻ አካሄዱ። ያንግኪንም በ2 በመቶ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። በአቋማቸው እንስማማ አንስማማ ሌላ ነገር ነው፤ ቁጣቸውን የሚያሰማላቸውን በር ግን መርጠው አንኳኩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእስራኤል ክኔሴት 120 መቀመጫ አለ፤ መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ነው። እኛ የምንመርጠው ሰው ሳይሆን የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ ትናንሽ ፓርቲዎች ከአሜሪካ ይልቅ እዚህ ይኖራሉ። በሩ ግን ክፍት አይደለም። በዕብራይስጥ «አሑዝ ሐሲማ» የሚባል መቁረጫ አለ። ከመላው ድምፅ የተወሰነ በመቶ ያላገኘ ፓርቲ አንድም መቀመጫ አይሰጠውም፤ ድምፁም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በ1992 መቁረጫው 1.5 በመቶ ነበር። ከ2006 ምርጫ ጀምሮ 2 በመቶ ሆነ። በ2014 በወጣው ሕግ ደግሞ 3.25 በመቶ ደረሰ።

ይህ ቁጥር ታሪክ ለውጧል። በ1988 ሦስት መቀመጫ የነበረው የቀኙ ፓርቲ ትሒያ በ1992 ያገኘው 1.2 በመቶ ብቻ ስለነበር ከክኔሴት ወጣ። ድምፁ ሁሉ ባከነ። የራቢን ወገን 61፣ የቀኙ ወገን 59 ሆነ፤ ይስሐቅ ራቢንም መንግሥት አቋቋሙ። ለትሒያ የመረጡት ሰዎች የሊኩድ መንግሥት በጣም ለስልሷል ብለው ይበልጥ ቀኝ የሆነውን የፈለጉ ነበሩ፤ ያገኙት ግን ፍጹም ሌላ ሆነ። በሚያዝያ 2019ም የናፍታሊ ቤኔትና የአየሌት ሻኬድ «አዲሱ ቀኝ» 3.22 በመቶ አግኝቶ፣ ከ1,500 ያነሰ ድምፅ ጎድሎት ከበሩ ተመለሰ። የሞሼ ፌይግሊን «ዜሁት»ም እንዲሁ ወደቀ። የሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ከ250,000 በላይ ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ መንግሥት ማቋቋም ስላልተቻለ አገሪቱ በመስከረም እንደገና መረጠች።

ይህ የቀኙ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የተሰበሰብንበት ኪቡጽ የሐሾሜር ሐጻዒር ኪቡጽ ነው፤ በፖለቲካም የማፓም ወገን የነበረ ነው። ማፓም በ1992 ከሌሎች ጋር ሆኖ ሜሬጽን አቋቋመ፤ በዚያ ዓመት 12 መቀመጫ አገኙ። በ2022 ግን ያው ሜሬጽ 3.16 በመቶ ላይ ቆሞ፣ ወደ 4,000 ድምፅ ጎድሎት ቀረ። የማፍዳል ወራሽ የሆነው «የአይሁድ ቤት»ም በዚያው ምርጫ 1.19 በመቶ ብቻ አገኘ። ማፍዳል በ1977 12 መቀመጫ የነበረው ፓርቲ ነው። በሩ ግራና ቀኝ አይለይም።

ስለ ራሳችንም እንናገር። በ1996 አዲሱ መሰለ በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ገብተው በኢትዮጵያ የተወለዱ የመጀመሪያው የክኔሴት አባል ሆኑ። በ1999 ከአሚር ፔሬጽ ጋር ወደ አዲሱ ትንሽ ፓርቲ ወደ «ዓም ኤሐድ» ሄዱ። ፓርቲው ሁለት መቀመጫ ብቻ ስላገኘ እርሳቸው ውጪ ቀሩ። በ2006 አቭራሃም ንጉሤ «ዓቲድ ኤሐድ» የሚል የራሳችንን ፓርቲ መርተው ተወዳደሩ። ያገኙት ወደ 14,000 ድምፅ ነበር፤ በሩን ለማለፍ ግን ከ62,000 በላይ ያስፈልግ ነበር። እኚሁ ሰው ክኔሴት የገቡት በ2015 በሊኩድ ዝርዝር ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ ስንት ክር እንደሆነ መቁጠር አለብን። በ2022 በሩን ለማለፍ ወደ 155,000 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ በመላው እስራኤል የነበርነው ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ሳይቀሩ ከ160,000 ትንሽ እንበልጥ ነበር። የታዘለው ልጅ ሁሉ ቢመርጥ እንኳ የምንደርሰው ከደጃፉ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ብቻችንን ሳይሆን ከሌሎች ጋር ነው የምናልፈው። ቁም ነገሩ ከማን ጋር እንደምናልፍ ነው።

«እንግዲያው ለትንሽ ፓርቲ ፈጽሞ አትምረጡ ትለናለህ ወይ?» የሚል ይኖራል። አልልም። ሻስን ተመልከቱ። ከሰሜን አፍሪካና ከምሥራቅ የመጡ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች በትልልቆቹ ፓርቲዎች ተንቀናል ብለው ተነሡ፤ በ1984 አራት መቀመጫ ይዘው ገቡ፤ በ1999 17 አደረሱት። ትንሽ ፓርቲ በሩን ካለፈና መንግሥት ያለ እርሱ የማይቆም ከሆነ፣ ከቁጥሩ በላይ ኃይል ያገኛል። ይህን ያዩ ከእኛም ብዙዎች ድምፃቸውን ለሻስ ሰጥተዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ወግ አጥባቂ ሲባል የሚጠበቀው የማን ወግ ነው? በ1973 የሴፋራድ ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በኋላ የሻስ መንፈሳዊ መሪ የሆኑትም እርሳቸው ናቸው። ይህን ውለታ አንረሳም። ሆኖም በ1985 አባቶቻችንና እናቶቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው ራቢነት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት፣ ያው የሃይማኖት አስተዳደር ጥምቀት መሰል ሥርዓት ካልፈጸማችሁ ስላላቸው ነበር። የቄሶቻችን ክብርም ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነው። በ2009 በፔታሕ ቲክቫ ልጆቻችንን አንቀበልም ያሉት ትምህርት ቤቶች የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እንግዲህ ሰንበትን ማክበር ያገናኘናል፤ ሰንበትን የሚያከብር ሁሉ ግን የእኛን ወግ ያከብራል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ትንሽ ፓርቲ ሲቀርብላችሁ አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ በሩን ያልፋል ወይ? የአንድ ቀን የሕዝብ አስተያየት አትመኑ፤ የብዙ ሳምንት ተመልከቱ። በመስመሩ ላይ የሚንገዳገድ ከሆነ ድምፃችሁን ልታጡት እንደምትችሉ አውቃችሁ ምረጡ። «የትርፍ ድምፅ ስምምነት አለን» ቢሏችሁም፣ ያ ስምምነት የሚጠቅመው በሩን ያለፈውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ካለፈ በኋላ ከማን ጋር ይቀመጣል? ከምርጫ በፊት በግልጽ የማይናገር ፓርቲ ድምፃችሁን ይዞ ወዳልፈለጋችሁት ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የእኛ ሰው ስንተኛ ነው? ዕብራይስጡ «ማቆም ሬዓሊ» ይለዋል፤ በእውነት የሚገባበት ቦታ ማለት ነው። በ2006 ሻስ 12 መቀመጫ ሲያገኝ ማዞር ባሃይና ከመስመሩ ውጪ ቀሩ። የገቡት በ2008 አንድ ሰው ሲለቅ ነው፤ በ2009 ምርጫ ደግሞ አልተመለሱም። ስማችን በዝርዝሩ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን እዩ።

አራተኛ፣ ለእኛ ወግ ምን ሠርቷል? ሲያመሰግነን ሳይሆን ስንከለከል የት እንደነበር ጠይቁ። ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ሲመልስ ተናግሯል ወይ? ስለ ቄሶቻችን ድምፅ ሰጥቷል ወይ? ጎንደር የቀሩት ዘመዶቻችን ጉዳይ ሲነሣ እጁን አውጥቷል ወይ? ሦስቱንም አላደረገም ከተባለ፣ በአፉ ወግ አጥባቂ ቢሆንም ለእኛ እንደ ትልልቆቹ ነው።

አራቱን ጠይቃችሁ መልሱ ጥሩ ከሆነ፣ ሳትፈሩ ለትንሹ ምረጡ። «ድምፅህን አታባክን» እያሉ የሚያስፈራሯችሁ ትልልቆቹ ፓርቲዎችም ቢሆኑ ያለ ጥያቄ የተሰጣቸውን ድምፅ አያከብሩም። መልሱ መጥፎ ከሆነ ግን ቁጣችሁን በትልቁ ፓርቲ ውስጥ ተመዝግባችሁ፣ በውስጥ ምርጫው ተሳትፋችሁ አሰሙ። ፓርቲው የውስጥ ምርጫ ካለው፣ እዚያ ጥቂት ሺህ ሰው ዝርዝሩን ሊለውጥ ይችላል።

በመጨረሻ ለእናንተ ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። በብዙ ቤት ልጆች አንዱን፣ አዛውንት ሌላውን ይመርጣሉ። በዚህ አትጣሉ። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ያነባሉ፤ እናንተ ደግሞ ሰውን ታውቃላችሁ። የፓርቲውን ጽሑፍ ልጆቹ ያንብቡላችሁ፣ እናንተም ያያችሁትን ንገሯቸው። የምርጫው ቀን ሲደርስ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ አንድ ፔቴክ ብቻ በፖስታው ክተቱ፤ የሁለት ፓርቲ ፔቴክ አንድ ላይ ከገባ ድምፁ ይበላሻል። የመረጣችሁትን ማንም ሊጠይቃችሁ መብት የለውም፤ ያጓጓዛችሁ ሾፌርም ሆነ ቡና የጋበዛችሁ ቀስቃሽ።

 ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ አልስማማም የምትሉም ተናገሩ።